ማታ ስገባ ፊቱን ያዞርብኛል

ጥያቄ፦ «ልጄ ወንድ ነው፣ አሥር ወሩ ነው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ስለሆነ ሳይነጋ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ፤ የምገባው ማታ አንድ ሰዓት፣ ታክሲ ከጠፋ ሁለት ሰዓት ነው። አራተኛ ወሩን ሲይዝ ነው ሥራ የተመለስኩት። ቀን የሚይዙልኝ አማቴ ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር ሲስቅ ሲጫወት ይውላል። እኔ በር ከፍቼ ስገባ ግን ፊቱን ወደ እሳቸው አንገት ያዞራል፣ ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ያለቅሳል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ከእቅፌ አልወርድ ይላል፤ ሽንት ቤት እንኳ አያስገባኝም። ትከሻዬን ይነክሳል፣ በጥፊ ይለኛል፣ በግንባሩ ይገጨኛል፣ ያላመጠውን ዳቦ አውጥቶ አፌ ውስጥ ይከታል። ሌሊት አራት ጊዜ ይነሣል። ጠዋት ነቅቶ ካገኘሁት አማቴ ወደ መስኮት ወስደው ሲያዘናጉት ሹልክ ብዬ እወጣለሁ። ቀን ቀን የቤት ቀሚሴን ከአልጋ ላይ እየጎተተ በለሃጩ ያበላሽብኛል፤ በየቀኑ ነው የማጥበው። ባለፈው አማቴ ‹ልጁ እኮ ረስቶሻል› ሲሉኝ ፈገግ ብዬ አለፍኩት፣ መኝታ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። እውነት ረስቶኝ ነው?»

መልስ፦

እህቴ፣ ልብሽ ይረፍ፤ አልረሳሽም። ሰው የረሳውን ሰው አያኮርፍም። ከላይኛው ፎቅ ያለች ጎረቤትሽ ቀኑን ሙሉ ጠፍታ ውላ ማታ ብትገባ፣ ልጅሽ ዓይኑን አፍጥጦ ያያታል፣ ምናልባት ጉትቻዋን ሊነጥቅ ይሞክራል እንጂ ፊቱን አዙሮ አያለቅስባትም። የሚኮረፈው ሲጠበቅ የቆየ ሰው ነው።

እኔ የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ የምሠራውም ከአንቺ ሠፈር ብዙም በማይርቅ የከተማው ዳር ነው። እንዳንቺ የሚጠይቁኝ እናቶች አብዛኞቹ ልጆቻቸውን ለዘጠነኛው ወር የኩፍኝ ክትባት ይዘው የሚመጡ ናቸው። በአርባ አምስት ቀኑ ክትባት ላይ ይህን ጥያቄ ሰምቼው አላውቅም። ያኔ የሚጠየቀው «ለምን ያስመልሰዋል»፣ «ሆዱን እየቆረጠው ይሆን» ነው። «ጠላኝ» የሚል ቃል የሚመጣው ከስምንት ወር ወዲህ ነው፤ ምክንያትም አለው።

አንቺ ሥራ ስትመለሺ ልጅሽ አራተኛ ወሩን እየያዘ ነበር። (የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በኋላ የሚፈቅደው 90 ቀን ነው፤ አዋጁ ሲረቀቅ ሕፃን የተማከረ አይመስለኝም።) በዚያ ዕድሜ ከዓይን የጠፋ ነገር ከዓለም የጠፋ ያህል ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ የራሱን ልጆች ሲያሳድግ ያስተዋለውን ነገር አንቺም ቤትሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ። የአምስት ወር ልጅ ፊት ማንኪያ አስቀምጠሽ በነጠላ ጫፍ ብትሸፍኚው፣ ልጁ ማንኪያ የሚባል ነገር ድሮም እንዳልነበረ ሁሉ ዓይኑን ወደ ሌላ ነገር ይወስዳል። ለልጅሽ ብታደርጊው ግን ነጠላውን ገፍፎ ማንኪያውን ያወጣና ጠረጴዛውን ይደበድብበታል። እንግዲህ ማንኪያ ተሸፍኖም እንዳለ የገባው ልጅ፣ እናቱም በሩን ዘግታ ከወጣች በኋላ የሆነ ቦታ እንዳለች ገብቶታል። አለች፣ እዚህ ግን የለችም። ናፍቆት ማለት ይኸው አይደል? በአራት ወሩ ስትወጪ ዝም ያለሽ፣ ናፍቆት የሚችል ጭንቅላት ገና ስላልነበረው ነው። አሁን አለው። ሜክሲኮን፣ የታክሲ ሰልፍን፣ የወር ደመወዝን ግን አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ስትፈለጊ አልነበርሽም።

ሜሪ ኤንስወርዝ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ ኡጋንዳ ሄዳ ካምፓላ አጠገብ ባሉ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ሕፃናቱ ከእናቶቻቸው ጋር እንዴት እንደሚሆኑ ተከታተለች። በኋላ ደግሞ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ አንድ ክፍል አዘጋጀች፤ እናት ልጇን አሻንጉሊት መሀል ትታ ለሦስት ደቂቃ ያህል ትወጣለች፣ ከዚያ ትመለሳለች። ብዙ ሰው የሚመስለው ልጁ እናቱ ስትወጣ ምን ያህል አለቀሰ የሚለው እንደተለካ ነው። እሷ ከሁሉ በላይ ትኩር ብላ ያየችው ግን እናት ስትመለስ የሚሆነውን ነው። ተነጫንጮም፣ ተቆጥቶም፣ በመጨረሻ እናቱ እቅፍ ውስጥ ረግቶ ወደ ጨዋታው የሚመለስ ልጅ እናቱን የሚተማመንባት ልጅ ነው። አንቺ እንደ ሁለተኛ ክስ አድርገሽ የጻፍሽው «ከሩብ ሰዓት በኋላ ከእቅፌ አልወርድ ይላል» የሚለው ነገር፣ ለእኔ የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ ነው። ፊት ማዞሩን ብቻ ጽፈሽልኝ ብታቆሚ ኖሮ ሌላ ጥያቄ እጠይቅሽ ነበር።

አንድ የማልረሳው ልጅ አለ። ዘጠኝ ወሩ፣ ጉንጩ ድንቡሽ ያለ፣ ቢጫ ሹራብ የለበሰ። እናቱ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እጁን ይዛለች፤ ነርሷ ግራ ክንዱን ጠርጋ ወጋችው። ልጁ ለአፍታ ድምፁ ጠፋ፣ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ጩኸቱ ሲመጣ ዞሮ በጥፊ ያላት ነርሷን እንዳይመስልሽ፤ እናቱን ነው። ጷ! አደረጋት። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሳቃችን አመለጠን። እናትየው አፍራ «እኔ ምን አደረግኩህ?» አለችው። እሱ የመታውን ጉንጭ ትቶ አንገቷ ሥር ገባ፣ ነጠላዋን በሁለት እጁ ጨምድዶ። ነርሷ ለእሱ ማንም አይደለችም፣ ከእሷ የጠበቀው ነገር የለም። እናቱ ግን «አንቺ እያለሽ እንዴት?» የምትባል ሰው ናት። የምትመታውም፣ የሚሸሸጉባትም እሷው ናት። ማታ ማታ አንቺ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፤ መርፌው ብቻ ነው የሌለው።

አንቺ ጥፊ ያልሽው ሁሉ ግን ጥፊ አይደለም። የአሥር ወር ልጅ ምንጣፍ ላይ የወደቀች ምስር በሁለት ጣቱ መልቀም ይጀምራል፣ የክንዱን ጉልበት ግን ገና አልመጠነም። ሊዳብስሽ ያነሣው እጅ ፊትሽ ላይ ሲደርስ ጥፊ ሆኖ ያርፋል። ከሁሉ የሚያስቀኝ ደግሞ ይህ ነው፤ እስኪ ነገ ስታቅፊው ጀርባሽን ልብ በይ። ብዙ ልጆች እናታቸው ስታቅፋቸው በትንሿ መዳፋቸው ጀርባዋን ቸብ ቸብ ያደርጋሉ። ከተወለደ ጀምሮ እንዲያገሳ፣ እንዲተኛ፣ እንዳያለቅስ ጀርባው ቸብ ቸብ ሲደረግለት የኖረ ልጅ ነው፤ የሚወዱት ሰው ሲታቀፍ የሚደረገው ይህ ነው ብሎ ይዞታል። እሹሩሩ እያለሽ ነው። አማትሽ ግንባሩን የሚስሙት ከሆነ ደግሞ የግንባር ግጭቱም ከዚያው የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ከንፈር አሹሎ መሳም ለሕፃን ከባድ ሥራ ነው፤ ግንባር ማቅረብ ግን ይችላል፤ ብሬኩ ብቻ ነው ያልተገጠመለት።

ኤንስወርዝ ኡጋንዳ ያየቻቸው ሕፃናት እናታቸው ስትመጣ አይስሙም፣ አያቅፉም ነበር፤ የሚቀበሏት እጃቸውን እያጨበጨቡ ነበር። ትልልቆቹ ሰላም ሲባባሉ ያዩትን ነው ያደረጉት። ሕፃን የቤቱን ሰው እያየ ነው ፍቅሩን የሚገልጸው፣ እጁና አፉ የሚችሉትን ያህል።

ንክሻው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እሱ ያማልና። ሕፃን ማንኛውንም ነገር መጀመሪያ የሚያውቀው በአፉ ነው፤ ሪሞቱንም፣ ጫማሽንም፣ አንቺንም። አምስትና ስድስት ወሩ ላይ አፉን በሰፊው ከፍቶ ጉንጭሽ ላይ ሲለጥፍና በለሃጭ ሲያርስሽ «ሳመኝ!» ብለሽ ለሰው ሁሉ ደውለሽ ይሆናል። አሁንም ያው መሳም ነው፤ በመሀሉ ጥርስ በቀለ። ደስታው ሲበዛበት አፉን ምን ያህል መግጠም እንዳለበት አያውቅም፤ በዚያ ላይ ድዱ ያሳክከዋል፣ ያንቺ ትከሻ ደግሞ ለስላሳ ነው። ሲነክስሽ አትጩኺ፣ አትሳቂም። እናት «እሪ!» ስትል ከቤቱ አሻንጉሊት ሁሉ የሚበልጥ ጨዋታ ሆነችለት ማለት ነው፤ እንደገና ሊሰማው ይፈልጋል። ፊትሽን ኮስተር አድርገሽ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «አይ» በይውና ከትከሻሽ ራቅ አድርጊው፤ ከዚያ የሚነከስ ነገር ስጪው፤ ቀዝቃዛ እርጥብ ፎጣ ይበቃል። መልሰሽ መንከስ ግን የለም። «እንዲያውቀው» ብለው የሚነክሱ አሉ፤ ልጁ የሚማረው ትልቅ ሰውም እንደሚነክስ ብቻ ነው።

ጡት ላይ ከሆነ የሚነክሰው ይህን እወቂ፤ በደንብ እየጠባ ያለ ልጅ መንከስ አይችልም፤ ምላሱ የታች ጥርሱን ሸፍኖታል። ንክሻ የሚመጣው ጠግቦ መጫወት ሲጀምር ወይም እንቅልፍ ሲወስደው ነው። መጥባቱ ዘግየት ሲል፣ ዓይኑም መንከራተት ሲጀምር ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂው። ከነከሰሽ ደግሞ አትጎትቺው፣ ያቆስልሻል፤ ወደ ደረትሽ ጠጋ ብታደርጊው አፍንጫው ሲታፈን ራሱ ይለቅሻል።

ዳቦውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። የእኔዋ ልጅ አሥራ አንድ ወሯ ሳለ አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሽሮ የነካ እንጀራ ሰጠኋት። አፏ ውስጥ አሽታ አሽታ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ካደረገችው በኋላ አወጣችውና ወደ አፌ አመጣችው። እኔ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ «እጃችሁን ታጠቡ» ስል የምውል ሰው ነኝ። አፌን ገጠምኩ። እሷ ደግሞ ከንፈሬን በጣቷ ከፍታ ከተተችው፤ ከዚያ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ እስክውጥ ጠበቀች። ዋጥኩ። «እሰይ!» የሚል ፊት አሳይታኝ ወደ ሳህኑ ተመለሰች፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል አይደል፣ ሁለተኛውን ልታመጣ።

ጉርሻ በሚጎራረስ ቤት ያደገ ልጅ ሌላ ምን ያድርግ? ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ልጆች ዕቃ ማሳየትና መስጠት ይጀምራሉ፤ የወለቀ ቁልፍ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ያላመጡት ዳቦ። ዕቃው ሰበብ ነው፤ የሚፈለገው ያንቺ ፊት ነው፣ «አየሽው? ወደድሽው?» ነው። ስለዚህ መዋጥ አይጠበቅብሽም። «እምም! አጎረስከኝ!» ብለሽ በእጅሽ ተቀበይው፤ ፊትሽ ከበራ ይበቃዋል። ተቃራኒውን ግን አታድርጊ። አንቺ ያላመጥሽውን ለእሱ መስጠት የጥርስ መበስበስና ሌላም በሽታ ያስተላልፋል፤ ለአማትሽም በዘዴ ንገሪያቸው።

መቼም ሁሉም ነገር ፍቅር አይደለም። «እኔን ሲያይ ነው ካካ የሚለው፣ ቀን ለእሳቸው አያደርገውም» ያለችኝ እናት ነበረች፤ ይህን እንደ ስጦታ ቆጥራው። እውነቱ ሌላ ነው፤ እንደገባች ታጠባዋለች፣ ሆድ ምግብ ሲቀበል ደግሞ አንጀት መንቀሳቀስ ይጀምራል። ልቧን ላለመስበር ያኔ አልነገርኳትም።

የሌሊቱ መነሣት ግን ከአንቺ ጋር ይገናኛል። ቀን እናታቸውን የማያገኙ ጡት የሚጠቡ ልጆች የቀኑን ድርሻ ወደ ሌሊት ያዞሩታል፤ ቀን በገንፎና በጥቂት ወተት ይውሉና ሌሊቱን ጡት ላይ ያድራሉ። አድካሚ ነው፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ለምትወጣ ሴት ደግሞ ግፍ ነው። ማታ እንደገባሽ ራት ሳትሠሪ አንዴ፣ ከመተኛቱ በፊት ደግሞ አንዴ በደንብ አጥቢው፤ ቀን ደግሞ ገንፎውና ሌላው ምግቡ መብቃቱን አማትሽን ጠይቂያቸው። ከአራት ወደ ሁለት ቢወርድልሽ ትልቅ ነገር ነው። ከባለቤትሽ ጋር ደግሞ ሲስቅ ብቻ ታዪው ይሆናል። አባት ይስቁበታል፣ እናት ያለቅሱባታል፤ ፍትሕ የለውም፣ በየቤቱ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ አማትሽ። «ረስቶሻል» ያሉት በክፋት አይመስለኝም፤ ቀኑን ሙሉ ተሸክመውት የሚውሉት እሳቸው ናቸውና እሳቸውም ትንሽ ምስጋና ቢያምራቸው አይገርምም። አንቺን ያስለቀሰሽ ግን ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ልጁ እሳቸውን ከወደደ ለአንቺ የሚቀርሽ የቀነሰ ይመስልሻል። ፍቅር እንደ ሠፈራችን ውሃ በፈረቃ የሚመጣ፣ አንዱ ጀሪካን ሲሞላ የሌላው የሚጎድል አይደለም። ኤንስወርዝ ያየቻቸው የኡጋንዳ ሕፃናትም ከእናታቸው ሌላ አያትን፣ አባትን፣ ታላቅ እህትን የሙጥኝ ይሉ ነበር። ልጅሽ ቀን ሰላም መዋሉ አማትሽ ጎበዝ መሆናቸውን ነው የሚያሳየው፤ አንቺን መተካታቸውን አይደለም። ደክሞት፣ ርቦት፣ ወድቆ ግንባሩ ሲያብጥ፣ ሁለታችሁም እያላችሁ ወደ ማን ነው የሚድኸው? እሱን ተመልከቺ። እንዲያውም የቀኑን ብሶት አጠራቅሞ አንቺ ስትመጪ የሚያፈሰው ያኔ የሚያፈስበት ሰው ስላገኘ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም፤ በመስኮት እያዘናጉ ሹልክ ማለቱ ይቅር። ተኝቶ ከሆነ አትቀስቅሺው። ነቅቶ ካለ ግን ዓይኑን አይተሽ፣ ስመሽው፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ተሰናብተሽው ውጪ፤ «እማማ ሥራ ሄዳ ትመጣለች፣ ቻው» ይበቃል። ያለቅሳል። ለቅሶው አንቺ ደረጃውን ወርደሽ ሳትጨርሺ ያልቃል፤ ካላመንሽ በስልክ ጠይቂያቸው። ደብቆ መሄድ ለቅሶውን ለጊዜው ያስቀርልሻል፣ ልጁ ግን እናት መስኮት ሲያዩ የምትጠፋ ነገር ናት ብሎ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ዞር ባልሽ ቁጥር ይደነብራል። ሽንት ቤት አላስገባ ያለሽ ለዚህም ይሆናል፤ በር በተዘጋ ቁጥር ሜክሲኮ የሄድሽ ይመስለዋል።

ማታ ስትገቢ ደግሞ አትሻሚው። ቦርሳሽን አስቀምጪ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ከዚያ አማትሽ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀመጪ፤ እሱ እሳቸው ጭን ላይ ይቆይ። ስሙን ጠርተሽ አውሪው። ድምፅሽን ከማኅፀን ጀምሮ ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ዲካስፐርና ፋይፈር የተባሉ ተመራማሪዎች ገና የተወለዱ ልጆች የእናታቸውን ድምፅ ለመስማት ሲሉ አጠባባቸውን እንደሚለውጡ አሳይተዋል። አንገታቸው ሥር ሆኖ በአንድ ዓይኑ ያይሻል፤ አንቺም ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ጣል አድርገሽ ግለጪው። ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሳይወድ ፈገግ ይላል፣ ከዚያ መልሶ ይደበቃል፣ ከዚያ እጁን ይዘረጋል። ሩብ ሰዓት የሚፈጀው ኩርፊያ አምስት ደቂቃ ሊሆን ይችላል። አማትሽም «ረስቶሻል» በሚለው ፋንታ ያንቺን ኮቴ ሲሰሙ «ማን መጣ? እማማ!» ቢሉለት ትልቅ ውለታ ነው፤ እንዲህ ብለሽ ለምኛቸው፤ በዚህ እምቢ የምትል አያት አላየሁም።

ስልክሽንም ከቦርሳ አታውጪ። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እናቶች ልጆቻቸው ፊት ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸውን ድርቅ አድርገው እንዲቀመጡ አደረገ። ሕፃናቱ መጀመሪያ ፈገግ ይላሉ፣ ከዚያ ድምፅ ያወጣሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው ፊታቸውን ያዞራሉ። ስልክ የምታይ እናት ፊትም ከዚያ ብዙ አይለይም፤ አንዳንዱ «ጥፊ» የሚመጣው ያኔ ነው።

ሐኪም ነኝና ይህንንም ልጨምር። ሦስት ወር ሞልቶት ሲያጫውቱት ፈገግ የማይል፣ ዘጠኝ ወር ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ዓይን ለዓይን የማይተያይ፣ ሲጎዳ ወደ ማንም የማይሄድ፣ ወይም ይችለው የነበረውን ነገር የተወ ልጅ ጤና ጣቢያ ይታይ። የአንቺ ልጅ በአንዱም ውስጥ የለም። አንቺ ራስሽ ግን ያ ለቅሶ የአንድ ቀን ካልሆነ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ ልጁ ተኝቶልሽም እንቅልፍ እንቢ የሚልሽ፣ ምንም ነገር ደስ የማይልሽ ከሆነ ሄደሽ ታዪ፤ ከወሊድ ጋር የሚመጣ ጭንቀት ዓመት እስኪሞላ ድረስም ሊታይ ይችላል፣ ሕክምናም አለው።

የቤት ቀሚሱን ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆየሁት። ከጻፍሽው ሁሉ ረስቶሽ እንዳልሆነ በደንብ የሚመሰክርልሽ እሱ ሆኖ ሳለ አንቺ እንደ ብልግና ቆጥረሽ አለፍሽው። አልጋ ላይ ትራስ አለ፣ አንሶላ አለ፣ የአባቱ ሸሚዝም አይጠፋም፤ እየጎተተ የሚዞረው ያንቺን ቀሚስ ነው። ማክፋርሌን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው በቀናት የሚቆጠር ሕፃናት እንኳ በእናታቸው ጡት ላይ የዋለን ጨርቅና የሌላ ሴትን ጨርቅ በጠረኑ ይለያሉ፤ ራሳቸውን የሚያዞሩት ወደ እናታቸው ነው። ልጅሽ አሥር ወር ሙሉ ሲለማመደው የቆየ ነገር ነው። ቀን 6 ሰዓት ላይ አንቺ ሜክሲኮ ሳለሽ፣ እሱ አፍንጫውን ቀሚስሽ ውስጥ ቀብሮ ከምንጣፉ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ምንጣፉ ይድሃል። ሲተኛ ብቻ ከአልጋው ላይ ይነሣ፤ ዓመት ያልሞላው ልጅ አጠገብ እንዲህ ያለ ልብስ ማስተኛት ጥሩ አይደለም። አንቺ ግን ማታ ማታ በኦሞ እያጠብሽ ሽታሽን ታስለቅቂበታለሽ። በየቀኑ አትጠቢው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፣ ውሃውም ይተርፍሻል።